የመሪ አሞርዛተር፦ ሳይገዙት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች

ገጠርን ከከተማ በሚያገናኙ የጠጠር መንገዶች ላይ ታማሚን፣ ተማሪን፣ ነጋዴንና እህልን የሚያመላልሱ ትልልቅ የመስክ ተሽከርካሪዎች አንድ የጋራ ችግር ያጋጥማቸዋል። ተሽከርካሪው በሰዓት 60 ወይም 80 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሳለ የፊት ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ይመታል፤ ወዲያውም መሪው በአሽከርካሪው እጅ ውስጥ ግራና ቀኝ መርገፍገፍ ይጀምራል። ርግፍግፉ አንዳንዴ በሰከንዶች ውስጥ ይበርዳል፤ አንዳንዴ ግን እየበረታ ሄዶ ተሽከርካሪው ፍጥነቱን እስኪቀንስ ድረስ አይቆምም።

ይኽ ሲያጋጥም በየጋራዡ ቶሎ የሚሰጠው ምክር «የመሪ አሞርዛተሩን ቀይረው» ወይም «ድርብ አስገጥምለት» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል የሚኾንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሌላው ብልሽት ሳይታይ አዲስ አሞርዛተር ቢገጠም ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ የባሰ ጉዳት ያስከትላል፤ የላላውን ወይም ያለቀውን ዕቃ ድምፁን አጥፍቶ ይሸፍነዋል። የተሸፈነው ዕቃ የሚለይበት ቀን ደግሞ ተሽከርካሪው ሰው ሞልቶ ቁልቁለት የሚወርድበት ቀን ሊኾን ይችላል። ስለዚህ ይኽ ዕቃ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና በምን መስፈርት እንደሚመረጥ ማወቅ ለባለንብረቱም፣ ለአሽከርካሪውም፣ ለተሳፋሪውም ይበጃል።

የመሪ አሞርዛተር ምንድን ነው?

በተሽከርካሪ ላይ አሞርዛተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከባሌስትራ ወይም ከሞላ ጎን ቆሞ የመኪናውን መዝለል የሚገታውን ነው። የመሪ አሞርዛተርም አሠራሩ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይኾን በአግድም መቀመጡ ነው። አንደኛው ጫፉ ከመሪው ዘንጎች በአንዱ ላይ ይታሰራል፤ ሌላኛው ጫፉ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ከአክስሉ ወይም ከሻሲው ጋር ይያያዛል።

በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ደግሞ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ያሉት ፒስተን ይመላለሳል። አሽከርካሪው መሪውን በዝግታ ሲያዞር ዘይቱ በቀዳዳዎቹ በቀላሉ ስለሚያልፍ እጁ ላይ የሚሰማው ክብደት ጥቂት ነው። ጎማው ድንጋይ መትቶ ዘንጉን በድንገት ሲገፋው ግን ዘይቱ በዚያ ፍጥነት ማለፍ ስለማይችል ይቋቋማል። ግፊቱም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል።

በበሬ ያረሰ ሰው ይኽን በቀላሉ ይረዳዋል። ማረሻው ከመሬት ውስጥ ድንጋይ ሲመታ እርፉ በእጅ ላይ ይነዝራል፤ የበረታ ገበሬ ክንድ ግን ንዝረቱን ውጦ ሞፈሩን በትልሙ ላይ ያቆየዋል። የመሪ አሞርዛተርም ሥራው እንደዚያ ክንድ ነው። ነገር ግን የበረታ ክንድ የላላ ሞፈርን እንደማያጠብቅ ሁሉ፣ አሞርዛተርም ያለቀ የመሪ ዕቃን አይጠግንም።

የመሪ አሞርዛተር ከድንጓ አሞርዛተር የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የድንጓው አሞርዛተር ብዙ ጊዜ ሲጨመቅ ከሚያሳየው ተቃውሞ ይልቅ ሲሳብ የሚያሳየው ይበልጣል። የመሪው ግን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል መቋቋም አለበት፤ ካልኾነ መሪው ወደ አንዱ ጎን ቀላል፣ ወደ ሌላው ጎን ከባድ ይኾናል። ስለዚህ «ርዝመቱ ይመሳሰላል» ተብሎ የሌላውን አሞርዛተር ወደ መሪው አዛውሮ መግጠም ተገቢ አይደለም።

የትኞቹ ተሽከርካሪዎች ይፈልጉታል?

ይኽ ዕቃ በዋናነት የሚያስፈልገው የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስል ለተያያዙ ተሽከርካሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማምረት የተጀመረው የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ዋነኛው ምሳሌ ነው፤ ላንድክሩዘር 80 እና 105፣ እንዲሁም ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 እና ዋይ 61 በዚሁ ጎራ ይመደባሉ። በእነዚህ ላይ አሞርዛተሩ ከፋብሪካ ተገጥሞ ይመጣል።

በወጥ አክስል ላይ አንዱ ጎማ የሚደርስበት ምት በረጅሙ ዘንግ በኩል ወደ ሌላው ጎማ ይተላለፋል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድነት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመሩ የአንዱ እንቅስቃሴ የሌላውን እየመገበ ርግፍግፉ ሊበረታ ይችላል። ሕፃን በዥዋዥዌ ላይ ኾኖ በልኩ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሲገፋ እየራቀ እንደሚሄድ ማለት ነው።

በአንጻሩ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ከፍ ዝቅ የሚልባቸው እንደ ላንድክሩዘር 100 እና 200፣ እንደ አዲሶቹ ሃይሉክሶች ያሉ ተሽከርካሪዎች የመሪ አሠራራቸው የተለየ ነው። የእነዚህ መሪ ሲርገፈገፍ መንስኤው በአብዛኛው ከጎማ ባላንስ ወይም ካለቀ ዕቃ ስለሚኾን፣ ከፋብሪካ ያልመጣላቸውን አሞርዛተር መጨመር የመጀመሪያው መፍትሔ ሊኾን አይገባም። በጭነት መኪኖች ላይም እንዲሁ ነው፤ ከፋብሪካ የተገጠመለት እንደኾነ በራሱ ልክ ይተካል፣ ያልተገጠመለት እንደኾነ ግን አስቀድሞ የፊት አክስሉ ዕቃዎች ይመርመሩ።

አስቀድሞ ምን ይመርመር?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በጥሩ ኹኔታ ላይ ያለ ተሽከርካሪ የመሪ አሞርዛተሩ ቢፈታ እንኳን፣ የመንገዱ ምት በመሪው ላይ ይበልጥ ይሰማ ይኾናል እንጂ፣ በለሰለሰ መንገድ ላይ ከቁጥጥር ውጪ ሊርገፈገፍ አይገባውም። ያለ አሞርዛተር መቆም ያቃተው መሪ ሌላ ሕመም አለበት ማለት ነው። ሕመሙን ለማግኘት ከቀላሉና ከርካሹ መጀመር ይመከራል።

የመጀመሪያው ጎማ ነው። የአየሩ መጠን በበሩ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር ይመሳከር፤ የግራና የቀኙም እኩል ይኹን። በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ደርቆ የተጋገረ ጭቃ ባላንስን የሚያዛባ የተለመደ ምክንያት በመኾኑ በክረምት ወራት ከጭቃ መንገድ መልስ መታጠብ ይገባዋል። ያበጠ፣ ባልተስተካከለ መልኩ የተበላ ወይም ቸርኬው የተጣመመ ጎማ ካለ ደግሞ ወደ ኋላ በማዛወር ርግፍግፉ መለወጡን ማየት ይቻላል። የቸርኬ ዳዶዎችም መጥበቃቸው ይረጋገጥ።

ሁለተኛው ኩሽኔታና የጎማው መዞሪያ ነው። ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ተይዘው፣ የፊት አክስሉ በክሪክ ከተነሣ በኋላ አክስሉ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ በተያዘ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ልልነት ከተሰማ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማው የሚዞርባቸው የላይና የታች ፒኖች ኩሽኔታ ላልቷል። ግራና ቀኙን ይዞ ሲነቀነቅ ልልነት ከተሰማ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ቴስቲናዎቹ ይዞራል።

ሦስተኛው የመሪው ዘንጎችና ቴስቲናዎች ናቸው። ይኽን ለማየት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ተሽከርካሪው በጎማዎቹ መሬት ላይ እንደቆመ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ አንዱ ሰው መሪውን በአጭር በአጭሩ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከፊት ኾኖ ዘንጎቹን ከመሪው ሳጥን ጀምሮ እስከ ጎማዎቹ በዐይኑ ይከተላል። አንዱ ዘንግ ተንቀሳቅሶ ቀጥሎ ያለው ቆይቶ የሚከተል ከኾነ በመካከላቸው ያለው ቴስቲና አልቋል። የመሪው ሳጥን ከሻሲው ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች መላላታቸውና ሻሲው በዚያ ቦታ መሰንጠቁም በዚሁ ጊዜ ይታያል።

አራተኛው፣ ሞላ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ፣ አክስሉን በአግድም ከሻሲው ጋር የሚይዘው ፓናርድ ዘንግ ነው። የዘንጉ ጎሚኒ ሲበላ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ ሲሰፋ አክስሉ ራሱ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚታለፈው ይኽ ዘንግ ለከባድ ርግፍግፍ ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ባሌስትራ ባላቸው ላይ ደግሞ የባሌስትራው ጎሚኒዎችና አክስሉን የሚያስሩት ቡሎኖች ይታያሉ።

አምስተኛው የጎማው አቀማመጥ ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደፊት ዘንበል ብሎ እንደሚሠራ ሁሉ የተሽከርካሪም የፊት ጎማ የሚዞርበት መስመር በጥቂቱ ያዘነበለ ነው፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ መሐል የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ተሽከርካሪው ረዘም ባለ ሞላ ከፍ ሲደረግ ይኽ ዝንባሌ ይቀንሳል፤ መሪውም ይዋልላል። ስለዚህ ከፍታ የተጨመረለት ተሽከርካሪ ዝንባሌውን የሚመልሱ ጎሚኒዎች ወይም ማስተካከያዎች ሊገጠሙለትና አቀማመጡ በመሣሪያ ሊለካ ይገባል።

ጭነትም ሊረሳ አይገባም። ከኋላ ከልክ በላይ ሲጫን የፊቱ ይቀልላል፤ የፊት ጎማዎች መሬት የመቆንጠጥ ኃይላቸው ሲቀንስ መሪው ይላላል። ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚርገፈገፍ መሪ ካለ መድኃኒቱ አሞርዛተር ሳይኾን ጭነቱን መቀነስ ነው።

ምን ዓይነት ይመረጥ?

ከላይ የተዘረዘሩት ተመርምረው ከተስተካከሉ በኋላ የአሞርዛተሩ ተራ ይደርሳል። በገበያ ላይ ያሉት በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ከፋብሪካው ጋር ተመሳሳይ የኾነው የዘይት አሞርዛተር ነው። ጎማውና ከፍታው ሳይለወጥ ለሚሠራ ተሽከርካሪ፣ ለምሳሌ 7.50 አር 16 ጎማ ለተገጠመለት ላንድክሩዘር፣ ጥራቱን የጠበቀ አንድ የዚህ ዓይነት አሞርዛተር በቂ ነው። መሪውን አያከብድም፤ ወደ አንድ ጎንም አይገፋም።

ሁለተኛው በውስጡ የታመቀ ጋዝ ያለው ነው። ጋዙ ዘይቱ በረጅም ኮረኮንች መንገድ ላይ አረፋ እንዳይኾን ይረዳል። ችግሩ የታመቀው ጋዝ ዘንጉን ዘወትር ወደ ውጭ የሚገፋ መኾኑ ነው፤ በመሪ ላይ ብቻውን ሲገጠም ተሽከርካሪውን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ሊስበው ይችላል። መኖሩን የሚያረጋግጥ ቀላል ፈተና አለ፤ አሞርዛተሩ በእጅ ተጨምቆ ሲለቀቅ ዘንጉ በራሱ ከወጣ ጋዝ አለው። ዘንጉ በሲሊንደሩ ሁለት ጫፎች የሚያልፍ ኾኖ የተሠራ ከኾነ ግን ግፊቱ ስለሚመጣጠን ይኽ ችግር አይታይበትም።

ሦስተኛው ሁለት አሞርዛተሮችን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያስገጥመው ድርብ ነው። አንዱ ሲጨመቅ ሌላው ስለሚሳብ ሚዛኑ ይጠበቃል። ይኽ የሚጠቅመው ከፋብሪካው ልክ እጅግ የሰፉና የከበዱ ጎማዎች ለተገጠሙለት ተሽከርካሪ ነው። በተለመደው ጎማ ላይ ግን ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል፤ መሪውን ያከብዳል፣ ከታጠፈ በኋላ ወደ መሐል መመለሱን ያዘገያል፣ አሽከርካሪው መንገዱን በእጁ የሚያነብበትን ስሜት ያደነዝዛል። ጎሃ ጽዮንና ደጀንን በሚያገናኘው የዓባይ በረሃ ወይም ከደባርቅ በታች ባለው ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ የሚሠራ አሽከርካሪ መሪው በፍጥነት መመለሱን ይፈልገዋል፤ እንቢ የሚል መሪ በተከታታይ መታጠፊያዎች ላይ አድካሚም አደገኛም ነው።

አራተኛው በውጪው ሞላ የተጠመጠመበት ነው። ሞላው መሪውን ወደ መሐል ለመመለስ ይረዳል ተብሎ ይሸጣል። መሐሉ በትክክል ካልተስተካከለ ግን ተሽከርካሪውን ዘወትር ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። መሪው በራሱ የማይመለስ ከኾነም ምክንያቱ የጎማው ዝንባሌ ወይም የደረቀ መዞሪያ ሊኾን ስለሚችል፣ ሞላው ያንን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል።

ጎማ ሲፈነዳ አሞርዛተር ያድናል የሚል አነጋገርም ይሰማል። እውነቱ አሞርዛተር የመሪውን ድንገተኛ መዞር ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከፍንዳታ የሚያድነው ያላረጀ ጎማ፣ ትክክለኛ አየርና ልከኛ ፍጥነት ነው።

ልክና አገጣጠም

ከዓይነቱ እኩል የሚያሰጋው ልኩ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ታጥፎ በሁለቱ መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት ይለካ፤ ከዚያም ወደ ቀኝ ታጥፎ በድጋሚ ይለካ። አሞርዛተሩ ሲጨመቅ ከአጭሩ ልክ ማጠር፣ ሲዘረጋ ከረጅሙ ልክ መርዘም አለበት፤ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ የጣት ውፍረት ያህል ትርፍ ይኑረው። ትርፍ ከሌለው መሪው ሙሉ ከመታጠፉ በፊት አሞርዛተሩ ራሱ ማቆሚያ ይኾናል። ያን ጊዜ ተሽከርካሪው በጠባብ መታጠፊያ ላይ መዞር ያቅተዋል፤ ወይም የአሞርዛተሩ መያዣ ይሰበራል።

አቀማመጡም በተቻለ መጠን ከታሰረበት ዘንግ ጋር ትይዩ ይኹን። በሰፊ ማዕዘን የተዘነበለ አሞርዛተር ኃይሉ ይባክናል። ከዘንጉ ጋር የሚያስረው መቆንጠጫ ከላላ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ሌላ አደጋ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ቀን ተሠርቶበት በድጋሚ መጥበቅ አለበት። ከአክስሉ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ደግሞ ድንጋይ ስለሚመታው፣ በወንዝ መሻገሪያና በድንጋያማ መንገድ የሚሠራ ተሽከርካሪ ከፍ ያለ መያዣ ቢኖረው ይመረጣል።

መያዣን በብየዳ መጨመር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የመሪ ዘንግን መበየድ ብረቱን በሙቀት ሊያዳክመውና ውሎ አድሮ ሊሰብረው ስለሚችል መደረግ የለበትም። ገጠማው ካበቃ በኋላ መሪው ከዳር እስከ ዳር ታጥፎ አሞርዛተሩ የፍሬን ቱቦ፣ ጎማ ወይም ሻሲ የማይነካ መኾኑ ይረጋገጥ።

ጥራቱና ዕድሜው እንዴት ይለያል?

አዲስ አሞርዛተር ሲገዛ ዘንጉ አንጸባራቂና ጭረት የሌለበት፣ የብየዳው ቦታ ንጹሕ፣ የጫፎቹ ጎሚኒ ጠንካራ ሊኾን ይገባል። በሱቁ ውስጥ ቀጥ ተደርጎ ከተያዘ በኋላ ጥቂት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይጨመቅና ይሳብ። ተቃውሞው በሁለቱም አቅጣጫ እኩልና ያልተቆራረጠ ከኾነ ደኅና ነው። መሐል ላይ ባዶ የሚኾን ወይም የሚንተከተክ ድምፅ የሚያሰማ ከኾነ አለመግዛት ይሻላል። ከተሽከርካሪው የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይዞ ሄዶ ማመሳከርም ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

የተገጠመው ሲያረጅ ምልክት ይሰጣል። በሲሊንደሩ ላይ ስስ የዘይት ወዝና አቧራ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ዘይቱ የሚንጠባጠብ ከኾነ ግን ሥራው አብቅቷል። የተጎዳ ሲሊንደር፣ የጎበጠ ዘንግ፣ የተሰነጣጠቀ ጎሚኒም ለመቀየር በቂ ምክንያቶች ናቸው።

መንገድ ላይ ሲርገፈገፍ

ርግፍግፉ በጉዞ ላይ ከጀመረ አሽከርካሪው መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ አውራ ጣቶቹን ግን ወደ መሪው ውስጠኛ ክፍል አያስገባ፣ መሪው በድንገት ሲዞር ሊሰብራቸው ይችላልና። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያንሣ፤ ፍሬኑን በለስላሳው ይጫን። በኃይል ፍሬን መያዝ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች ስለሚያሸጋግር ርግፍግፉን ሊያባብሰው ይችላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ርግፍግፉ ይቆማል፤ ከዚያ ዳር ይዞ ቆሞ ጎማዎቹን፣ ዳዶዎቹንና ዘንጎቹን ማየት ይገባል። አንድ ዕቃ ከተለየ ወይም ለመለየት ከደረሰ ተሳፋሪን ይዞ መቀጠል አይገባም።

ተሳፋሪውም ድርሻ አለው። መሪው ሲርገፈገፍ ያየ ሰው «ይኽ የተለመደ ነው» ተብሎ ዝም ሊል አይገባውም፤ አሽከርካሪው ፍጥነቱን እንዲቀንስና ተሽከርካሪውን እንዲያሳይ መጠየቅ መብቱ ነው።

ለባለንብረት ደግሞ የወጪው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከኾነ፣ ድርብ አሞርዛተር ከመግዛቱ በፊት ያለቁትን ቴስቲናዎች ይቀይር፤ ኩሽኔታውን ያስጠብቅ፤ ጎማውን ባላንስ ያስደርግ። እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ በልኩ የተመረጠ አንድ ደኅና አሞርዛተር የቀረውን ሥራ ይሠራል።